መጀመሪያ ያስገባነው ለምን መጀመሪያ አይመጣም? የዳይሬክተሪና የተራ ነገር

ዛሬ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው የምታሳስት ጉዳይ ይዘን መጥተናል።

እስቲ ይህን አስቡት። አዲስ ሥራ ጀመራችሁ። የአይቲ ክፍሉ ስማችሁን፣ ኢሜይላችሁንና ሁለት ስልክ ቁጥር መዘገበ። መጀመሪያ የራሳችሁን፣ ቀጥሎ ደግሞ ለድንገተኛ ጊዜ ብላችሁ የእናታችሁን ሰጣችሁ። ለወራት በመሥሪያ ቤቱ አፕ ላይ ስማችሁን የነካ ሁሉ እናንተ ጋ ሲደውል ቆየ። አንድ ቀን ሲስተሙ ታደሰ። በማግስቱ አለቃችሁ "ሪፖርቱ የት ደረሰ?" ብሎ የጮኸው እናታችሁ ላይ ሆነ።

ማንም ቁጥራችሁን አልነካም። አልጠፋም፣ አልተሰረዘም። ሁለቱም እዚያው አሉ። የተቀየረው ተራቸው ብቻ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን ቶሎ የምንለው "ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል" ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሶፍትዌሩ ተራ እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ገብቶ አያውቅም። እንዲያውም የሚሠራበት ደንብ "በተራው አትመኑ" ብሎ በግልጽ ይናገራል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ያስገባንለትን ነገር በተራው መያዝ አለበት ወይስ የለበትም?

ከሥሩ እንጀምር።

ዳይሬክተሪ ምንድነው?

በትልቅ ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ስምና ፓስወርድ ስታስገቡ፣ ከጀርባ "ይህ ሰው ማነው? ምን ማየት ይፈቀድለታል?" የሚለውን የሚመልስ አንድ መዝገብ አለ። ያ መዝገብ ዳይሬክተሪ ይባላል። እሱም የዳታቤዝ ዓይነት ነው፤ ግን በዋናነት የተሠራው ለመፈለግና ለማንበብ ነው። አንዴ ይጻፋል፣ ሺህ ጊዜ ይነበባል።

የሐሳቡ አያት ኤክስ 500 የሚባል ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን በጣም ሰፊና ከባድ ነበር፤ የዘመኑ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አልቻሉትም። ስለዚህ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቲም ሃውስና ባልደረቦቹ ቀለል ያለ መንገድ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ሰነድ በ1993 ወጣ። ስሙ ኤልዳፕ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው "ኤል" ራሷ "ቀላል" ለማለት የገባች ናት።

ዛሬ ኤልዳፕ የሚናገሩ ብዙ ሶፍትዌሮች አሉ። ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ አንዱ ነው። በነፃ የሚገኘው ኦፕንኤልዳፕ ሌላው ነው። ስሙን ሰምታችሁ ባታውቁም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የተጠቀመ ሰው ሳያውቀው ብዙ ጊዜ አግኝቶታል።

በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገጽ አለው እንበል። በገጹ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ፎቶ የሚሉ ርዕሶች አሉ። እነዚህ ርዕሶች አትሪቢዩት ይባላሉ። አንዳንዱ አትሪቢዩት አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። ብዙዎቹ ግን ከአንድ በላይ መያዝ ይችላሉ፤ ሁለት ስልክ፣ ሦስት ኢሜይል፣ አራት ፎቶ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የኤልዳፕ ደንብ የተጻፈበት አርኤፍሲ 4511 የሚባለው የ2006 ሰነድ በአንድ አትሪቢዩት ውስጥ ያሉ ነገሮች ተራ እንደሌላቸው ያስቀምጣል። ዛሬ ጠይቃችሁ በአንድ ተራ ቢመጡ፣ ነገም በዚያው ተራ ይመጣሉ ብላችሁ እንዳትመኩ ይከለክላል። በላዩ ላይ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መግባት አይችልም። አትሪቢዩቶቹም ራሳቸው እንደዚያው ናቸው፤ ስልክ ከኢሜይል በፊት ይመጣል የሚል ሕግ የለም።

እድርና እቁብ

ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሰፈራችንን እድርና እቁብ ማየት ይበቃል።

በእድር መዝገብ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ሰው አባል ነው ወይስ አይደለም? ስሙ ከላይ ተጻፈ ከታች፣ ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳኑ ይተከልለታል። 40ኛ ላይ የተጻፈ ሰው ከ3ኛው ያነሰ ሐዘን አይደርሰውም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጻፍም ሁለት ድንኳን አይሰጠውም። መዝገቡ ተቀዶ እንደገና ቢገለበጥና ስሞቹ ቦታ ቢለዋወጡ ማንም አይከፋም፤ ማንም ካልተረሳ በቃ።

እቁብ ግን ሌላ ነው። እዚያ ተራ ማለት ገንዘብ ነው። መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የሚደርሰው እኩል አይደሉም። አንድ ሰው ሁለት እጣ ሊኖረውም ይችላል። ታዲያ የእቁብ ሰዎች ተራውን እንዴት ይጠብቃሉ? "አጠገቤ የተቀመጠው ከእኔ ቀጥሎ ነው" ብለው አይደለም። ጸሐፊው ይጽፈዋል። ማን በስንተኛው ዙር እንደወሰደ በቁጥር ይሰፍራል። ወንበር ቢቀያየሩም ተራው አይናጋም።

የኤልዳፕ አትሪቢዩት የተሠራው እንደ እድር መዝገብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እኛ እንደ እቁብ ስንጠቀምበት ነው፤ ያውም ጸሐፊ ሳናስቀምጥ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰነፍ ፕሮግራመር ስለሠራው?

አይደለም። ቢያንስ ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛው ትርጉም ነው። ዳይሬክተሪ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ዝርዝሮች ተራ የላቸውም። "የሂሳብ ክፍል አባላት" የሚል ቡድን ውስጥ ማን መጀመሪያ ገባ የሚለው ለማንም አይጠቅምም። ጥያቄው ሰውየው ቡድኑ ውስጥ አለ ወይስ የለም ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አንድ ቡድን በአሥር ሺህ የሚቆጠር አባል ሊኖረው ይችላል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሶፍትዌሩ "ይህ ስም ከዚህ በፊት አለ ወይ?" ብሎ መፈተሽ አለበት። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ካየ ይዘገያል። ስሞቹ እንደ መዝገበ ቃላት ተደርድረው ከተቀመጡ ግን መሃሉን ከፍቶ ግማሹን እየጣለ ቶሎ ይደርሳል። ኦፕንኤልዳፕ ይህን የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ የተመረጠን አትሪቢዩት ደርድሮ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ እናንተ ያስገባችሁበት ተራ ሄደ ማለት ነው። የጠፋው በስህተት ሳይሆን ለፍጥነት ሲባል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ትልቅ ድርጅት አንድ ሰርቨር ብቻ አይኖረውም። አዲስ አበባ አንድ፣ ሐዋሳ አንድ፣ መቀሌ አንድ ሊኖረው ይችላል፤ ሁሉም ጋ መጻፍ ይቻላል፣ ኋላ ይመሳከራሉ። አሁን የአዲስ አበባው ሠራተኛ አንድ ሰው ጨመረ እንበል። በዚያው ደቂቃ የሐዋሳው ሌላ ሰው ጨመረ። ማን ነው አንደኛ? ዝርዝሩ እንደ እድር ከሆነ ጠብ የለም፤ ሁለቱም ገቡ፣ አለቀ። እንደ እቁብ ከሆነ ግን ዳኛ ያስፈልጋል።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በዊንዶውስ 2000 ዘመን አክቲቭ ዳይሬክተሪ የአንድን ቡድን የአባላት ዝርዝር በሙሉ እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ነበር ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚልከው። ሁለት ሰዎች በሁለት ሰርቨር ላይ በተቀራረበ ሰዓት አባል ቢጨምሩ፣ የኋለኛው ዝርዝር የፊተኛውን ይሸፍነውና አንዱ የጨመረው ሰው ድምፁ ሳይሰማ ይጠፋ ነበር። በዚያ ላይ አንድ ቡድን ከ5,000 አባል ባይበልጥ ይመከር ነበር። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ወዲህ እያንዳንዱ አባል ለብቻው መላክ ጀመረና ችግሩ ተቃለለ። አባላቱን አንድ በአንድ ነጥሎ መላክ የቀለለው ደግሞ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ተራ ስለሌላቸው ነው። በተራ የታሰረ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ የአንዱ መግባት የሌላውን ቦታ ይነካ ነበር።

ግን የተቃዋሚዎቹም ነገር ሚዛን ይደፋል

"ተራ ይጠበቅ" የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ክርክራቸው ቀላል ነው። ሰው ሲጽፍ በተራ ይጽፋል። መጀመሪያ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የሚበልጥበትን ነው። ማንም ሰው ሁለት ስልክ ስጥ ሲባል ዋናውን ሁለተኛ አያደርግም። ስለዚህ ተራው ራሱ መረጃ ነው። መረጃ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር መረጃ ከጣለ ምኑን አስቀመጠው?

ሌላም ይጨምራሉ። ብዙ ሰርቨሮች በተግባር ያስገባችሁበትን ተራ ይመልሳሉ። ለዓመታት እንዲያ ሲሆን ያየ ፕሮግራመር "ያው ሁልጊዜ እንዲህ ነው" ብሎ አፑን በዚያ ላይ ይሠራል። የጎግል መሐንዲስ የነበረው ሃይረም ራይት ይህን ጠባይ አይቶ የተናገረው ሐሳብ በስሙ "የሃይረም ሕግ" ተብሎ ይጠራል። ሐሳቡ በእኛ አባባል እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚ ከበዛ፣ ሶፍትዌራችሁ በአጋጣሚ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ላይ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቤቱን ይሠራል። ቃል ገባችሁም አልገባችሁም።

እና በአጋጣሚ የመጣው ተራ በአዲስ ስሪት ሲቀየር፣ ደንቡ "አትመኑ ብዬ ነበር" ቢልም እናታችሁ ጋ የተደወለው ስልክ ተደውሏል።

ሁለት ቋንቋዎች፣ ሁለት መልስ

ይህ ጠብ የዳይሬክተሪ ብቻ አይደለም። ኮዲንግ የምትማሩ ልጆች ፓይተንን ታውቁታላችሁ። ፓይተን ውስጥ ዲክሽነሪ የሚባል ነገር አለ፤ ስምና ይዘት አጣምሮ የሚይዝ። ለብዙ ዘመን ተራ አልነበረውም። በ2016 መጨረሻ የወጣው ስሪት 3.6 ውስጣዊ አሠራሩን ለማሻሻል ሲቀየር እግረ መንገዱን ተራ መጠበቅ ጀመረ። ሰዎቹ ግን "ይህ አጋጣሚ ነው፣ አትመኩበት" አሉ። ማን ይሰማል? ሁሉም ተመካበት። በ2018 በወጣው 3.7 ላይ የቋንቋው ባለቤቶች ነገሩን በይፋ ቃል አደረጉት፦ ከእንግዲህ ያስገባችሁበት ተራ ይጠበቃል።

ጎግል የሠራው ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። እሱም ማፕ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለው። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት በ2012 ሲወጣ፣ በማፑ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ስትጠሩ ተራው የማይገመት እንዲሆን ሆን ተብሎ ተበጠበጠ። አንዱን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ብታስኬዱት ሁለት ዓይነት ተራ ልታዩ ትችላላችሁ። ክፋት ይመስላል፤ ግን ውለታ ነው። በተራው የተመካ ፕሮግራመር ስህተቱን የሚያየው ከሦስት ዓመት በኋላ ደንበኛ ሲጮህበት ሳይሆን በዚያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሁለቱም መልሶች ሐቀኛ ናቸው ብለን እናምናለን። ፓይተን "እጠብቃለሁ" አለ፣ ጠበቀ። ጎ "አልጠብቅም" አለ፣ አልጠበቀም። መጥፎው መሃሉ ነው፤ "አልጠብቅም" እያለ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቅ። ብዙ የዳይሬክተሪ ሰርቨር የተቀመጠው እዚያ መሃል ላይ ነው። 364 ቀን በሰዓቱ ይመጣና በ365ኛው ቀን፣ በፈተናችሁ ዕለት፣ እንደሚቀር አውቶቡስ።

ተራ ሲጠፋ ምን ይጎዳል?

"እናቴ ጋ መደወሉ ያስቃል እንጂ ምን ይጎዳል?" የምትሉ ካላችሁ፣ ሁለት ከበድ ያሉ ነገሮች እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው የፓስወርድ ጉዳይ ነው። ኦፕንኤልዳፕ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስኑ ደንቦች አሉት። ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባቸዋል፤ ጉዳዩን የሚመለከት የመጀመሪያውን ደንብ ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። ለምሳሌ አንደኛው ደንብ "ፓስወርድን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያይ" ቢል፣ ሁለተኛው "ሌላውን ሁሉ ማንም ያንብብ" ቢል ሁሉም ሰላም ነው። አሁን ሁለቱን ገልብጧቸው። "ሁሉን ማንም ያንብብ" የሚለው ቀድሞ ይመጣል፣ ፓስወርድም "ሁሉ" ውስጥ ነው፣ ሶፍትዌሩ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው ደንብ አለ፣ ግን ማንም አይደርስበትም። በአንዲት የተራ መቀያየር የድርጅቱ ፓስወርዶች የተቀመጡበት ኮድ ለማንም ይጋለጣል።

አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ኦፕንኤልዳፕ በ2005 በወጣው ስሪት 2.3 ላይ የራሱን ማስተካከያዎች በራሱ ዳይሬክተሪ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። እነዚያ ተራ የማይገለበጥባቸው ደንቦች ተራ የማይጠብቅ ሳጥን ውስጥ ሊገቡ ሆነ። እድሩ እቁብ መሆን አስፈለገው። መፍትሔው ምን ሆነ? እቁቡ የሚያደርገውን አደረጉ። እያንዳንዱ ደንብ ፊት በቅንፍ 0፣ 1፣ 2 እያሉ ቁጥር ጻፉበት። ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ ያሰልፋል። ተራው ወንበር ላይ መሆኑ ቀረና መዝገብ ላይ ሰፈረ።

ሁለተኛው የእኛን ቤት ያንኳኳል፤ ስም ነው።

ብዙ ዳይሬክተሪዎች አንድን ሰው ሲመዘግቡ ሙሉ ስምና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት አትሪቢዩቶችን ግድ ይላሉ። በእነዚያ የቤተሰብ ስም ከሌለ ሰውየው አይመዘገብም። ኢትዮጵያዊ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ነው ያለው። ስለዚህ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ወይም ዱባይ ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድማችን የአባቱ ስም እዚያ ቦታ ይሞላለትና ሥራ ቦታው ላይ በአባቱ ስም ሲጠራ ይውላል። ይህን ያልሰማ የዲያስፖራ ቤተሰብ ያለ አይመስለንም።

አሁን አንድ ፕሮግራመር "የኢትዮጵያውያንን ስም በደንብ ልያዝ" ብሎ ሦስቱን ስሞች በአንድ አትሪቢዩት ውስጥ ለየብቻ አስገባቸው እንበል። ደረጀ፣ ተሾመ፣ ወልዴ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ግን ሰርቨሩ በፊደል ተራ ከደረደራቸው "ተ" ትቀድማለች፣ "ወ" ትከተላለች፣ "ደ" መጨረሻ ትሆናለች። ደረጀ ተሾመ ወልዴ የነበረው ሰው ተሾመ ወልዴ ደረጀ ሆኖ ይመጣል። አባትየው ልጅ ሆነ፣ ልጅየው የራሱ አያት ሆነ። በእኛ አገር ስም ውስጥ ተራው ጌጥ አይደለም፤ ማን ማንን እንደወለደ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ይባስ ብሎ በአያቱ ስም የተሰየመ ልጅ አለ። አህመድ ሰይድ አህመድ። ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ስም ነው። ዳይሬክተሪው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይቀበልም ብለናል። ሁለተኛውን "አህመድ" ሲያይ "ይህ አለ" ብሎ ስህተት ይመልሳል። አያትየው በር ላይ ቀሩ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው?

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ችግር ብዙ ሰዎች ቀድመው አግኝተውት ፈተውታል። መፍትሔዎቹ ይለያያሉ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ተራው ትርጉም ካለው ጻፈው።

የማይክሮሶፍትን የኢሜይል አሠራር እንይ። አንድ ሰው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ብዙ የኢሜይል አድራሻ ሊኖረው ይችላል። የትኛው ነው ዋናው? የመጀመሪያው አይደለም። እያንዳንዱ አድራሻ ፊት የኢሜይል መላኪያው ዘዴ ስም ይጻፋል፤ ዋናው ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌሎቹ ላይ በትንንሹ። ዝርዝሩን እንደፈለጋችሁ በጥብጡት፣ ዋናው ዋና እንደሆነ ይቀራል።

ስምም እንደዚያው። ሙሉ ስም የሚለው አትሪቢዩት ብዙ ስም መያዝ ስለሚችል የትኛው ስክሪን ላይ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በ2000 የወጣው አርኤፍሲ 2798 ለዚህ ሲል ለብቻው አንድ አትሪቢዩት ፈጠረ፤ አንድ ስም ብቻ የሚይዝ፣ "ሲታይ እንዲህ ይታይ" የሚል። ደረጀ ተሾመ ወልዴ የሚለው በሙሉ፣ በተራው፣ እዚያ እንደ አንድ ጽሑፍ ቢገባ ማንም አይበጠብጠውም። አህመድ ሰይድ አህመድም ሁለቱንም አህመዶች ይዞ ይገባል።

ስልካችሁ ውስጥም አለ። ኮንታክት ለጓደኛ ስትልኩ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ቪካርድ በሚባል ፋይል ነው። በ2011 የወጣው ስሪት 4.0 እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ከ1 እስከ 100 የሚደርስ የምርጫ ደረጃ እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ 1 ከሁሉ የሚቀድም ነው። መጀመሪያ መጻፍ አይደለም ዋና የሚያደርገው፣ 1 የሚለው ቁጥር ነው። ጸሐፊ ያለው እቁብ ማለት ይኼ ነው።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ስልክ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ፦ ሁለት ሦስት ቁጥር ያለው ኮንታክት ካላችሁ "ከላይ ያለው ይደወላል" ብላችሁ አትተዉት። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ኮንታክቱን ከፍታችሁ ዋናውን ቁጥር ዲፎልት አድርጉ የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ፤ ተጠቀሙበት። መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ቁጥር ስትሰጡ ደግሞ "ዋናው ይኼ ነው፣ ያኛው ለድንገተኛ ነው" ብላችሁ አስጽፉ። ቅጹ ላይ ለይቶ የሚጽፉበት ቦታ ከሌለ ጠይቁ። መጀመሪያ መስጠት ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ኮዲንግ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ይቺን ልማድ ያዙ። ማንኛውንም ዝርዝር ስታስቀምጡ "ይኼ እድር ነው እቁብ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እቁብ ከሆነ ቁጥሩን ጻፉ። ኤስኪውኤል ላይ በምን ተራ እንደምትፈልጉ ሳትናገሩ የጠየቃችሁት ውጤት በማንኛውም ተራ ሊመጣ ይችላል፤ በፊት ደህና መምጣቱ ማስረጃ አይሆንም። ጄሰን ላይ በማዕዘን ቅንፍ የተጻፈ ዝርዝር ተራ አለው፤ በጠማማው ቅንፍ የተጻፈው ስምና ይዘት ግን ተራ የለውም ተብሎ ነው የተደነገገው። የትኛውን እንደምትጠቀሙ አውቃችሁ ምረጡ።

የእኛ አቋም

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የዳይሬክተሪ ሶፍትዌር ያስገባነውን በተራው መጠበቅ አለበት ወይ?

እኛ የምንለው፦ ለሁሉም ዝርዝር የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ለአሥር ሺህ አባል ቡድን ማንም የማያየውን ተራ ለመጠበቅ ፍጥነትን መክፈል፣ በሰርቨሮች መካከል ጠብ መፍጠር አያዋጣም። ግን ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛ፣ ተራ ለሚያስፈልገው ሰው ተራውን የሚጽፍበት ቦታ መስጠት፤ ኦፕንኤልዳፕ በቁጥር እንዳደረገው። ሁለተኛ፣ ከመሃል መውጣት። ከጠበቀ ቃል ይግባ፣ ካልጠበቀም ገና በሙከራው ቀን እንዲታወቅ ያድርግ። ሰው የሚጎዳው ተራ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ የማይጠበቅ ተራ የሚጠበቅ መስሎ ሲኖርም ነው።

ከዚያ የቀረው የእኛ ነው፤ የምንመዘግበው፣ የምንሠራው፣ ቅጽ የምናዘጋጀው። የሰፈር እቁብ ጸሐፊ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይህን ነገር ያውቀዋል። ገንዘብ ያለበትን ተራ በአቀማመጥ አይተወውም። የአንድ ሰው ስልክ፣ የአንድ ድርጅት ፓስወርድ፣ የአንድ ልጅ የአባትና የአያት ስም ከእቁብ ገንዘብ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባቸውም።

እናንተስ? ስማችሁ በሲስተም ተገልብጦ፣ በአባታችሁ ስም ተጠርታችሁ ወይም ስልካችሁ ወደ ሌላ ሰው ተደውሎ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን ተዉት። የአይቲ ሥራ የጀመረ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት፤ አንዲት የእናት ስልክ ታተርፉ ይሆናል።